ቤት ለእምቦሳ

በአገራችን ልማድ፥ አዲስ ቤት ሠርቶ ወይም ገዝቶ የገባን ሰው ለመጠየቅ የሄደ እንግዳ ከደጃፉ ቆሞ «ቤት ለእምቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ሲል ይመልሳል። ቤቱ ላም የሚታለብበት፥ ጥጃ የሚታሰርበት፥ ልጅ የሚያድግበት ይሁን ማለት ነው። በከተማ ያደጉት ልጆቻችን ግን ቃሉን ይሰሙታል እንጂ ፍቺውን ብዙዎቹ አያውቁትም። አንድ ቀን በማስተምርበት ክፍል «እምቦሳ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፥ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የሶፋ ዓይነት ነው» ሲል መለሰልኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ከሳቁት መካከል ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠኝ አልተገኘም።

እኔ ራሴ ይህን ምርቃት ከልጅነቴ ጀምሮ በብዙ ሰዎች ደጃፍ ብዬዋለሁ። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. ግን ተወልጄ ባደግሁበት ቤት ደጃፍ፥ እንደ እንግዳ ቆሜ፥ ባርኔጣዬን አውልቄ «ቤት ለእምቦሳ!» አልሁ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለአንባቢዎቼ ላጫውታችሁ እወዳለሁ። ቤት መሸጥና መግዛት ዛሬ በከተማችን የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗልና፥ ከእኔ ስሕተት የሚማር አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ ድካሜ ከንቱ አይሆንም።

አባቴ በአዲስ አበባ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ፥ በ1961 ዓ.ም. ቦታ ገዝቶ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሠራ። ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ፥ ጣራው ቆርቆሮ፥ ወለሉ ጣውላ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ በስተኋላ ሁለት ክፍል ጨመረና ለኪራይ አዘጋጀው። በ1965 ዓ.ም. በወር ዐሥራ አምስት ብር ሊከፍሉ ተስማምተው የገቡት ተከራዮች አንድ የፋብሪካ ሠራተኛና በዚያው ዓመት ያገባት ሚስቱ ነበሩ።

ከዚያም በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ትርፍ የተባለው ሁሉ ተወረሰ። የአባቴም የኋላ ቤት ተወርሶ የቀበሌ ቤት ሆነ፤ ኪራዩም ተቀንሶ ለቀበሌው ይከፈል ጀመር። ተከራዮቹ ግን እዚያው ቀሩ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በላቡ የሠራው ቤት በአንድ ቀን ንባብ ከእጁ በመውጣቱ ልቡ ቆሰለ። ዐዋጁን ያወጡት እነዚያ ምስኪን ባልና ሚስት ይመስል ሰላምታ ነፈጋቸው፤ በሁለቱ ቤቶች መካከልም የእንጨት አጥር አጠረ። የኋላው ቤት ወደ መንገድ የሚወጣው በእኛ ግቢ በኩል ነበርና፥ አጥሩ በቆመ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ከቦኖ ውኃ ለመቅዳትም ሆነ ገበያ ለመሄድ በወንዙ በኩል ገደሉን ዞረው መውጣት ግድ ሆነባቸው።

አጥሩ የቆየው ሁለት ክረምት ነው። በሦስተኛው ክረምት የኋላዋ ሴት ነፍሰ ጡር ሳለች፥ እንስራ አዝላ ያንን ገደል ስትወጣ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። እርሷም ፅንሱም በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ። እናቴ ይህን በሰማች ማግሥት፥ አባቴ ከሥራ ሳይመለስ፥ መጥረቢያ አንሥታ ከአጥሩ ስድስት እንጨት ነቀለችና በር አበጀች፤ ጀበናዋንም ይዛ በዚያው በር አልፋ ከጎረቤቷ ቤት ቡና አፈላች። አባቴ ሲመለስ በሩን አየ፤ ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ ግን ማጠፊያና ምስማር ገዝቶ መጣና ለዚያ በር መዝጊያ ሠራለት። እኔ የተወለድሁት በ1972 ዓ.ም. ስለ ሆነ ይህን ሁሉ የማውቀው ከእናቴ አፍ ነው። እኔ ሳድግ ያ በርና ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ የሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ከምሰሶዎቻችን እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር። የኋላዋን ሴት «እማማ» እያልሁ አደግሁ፤ ድቁና ለመቀበል ስሄድ ነጠላዬን ያጠበችልኝ አንድ ጊዜ እናቴ፥ አንድ ጊዜ እማማ ነበሩ።

አባቴ በ1989 ዓ.ም.፥ እናቴም በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። የቀረነው ሦስት ልጆች ነን። እኅቴ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ትኖራለች። ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ይደረግለታል፤ ይህ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ በቤቱ ያየው ያውቀዋል። እኔ መምህር ነኝ፤ የመምህር ደመወዝ ደግሞ እንኳን ለሆስፒታል ለኪራይም አይበቃ። የእናታችን ተዝካር ካለፈ በኋላ በስልክ ተመካክረን ቤቱን ለመሸጥ ቈረጥን።

ደላላ የሚለው ስም በብዙዎቻችን ጆሮ ከባድ ነው። እኔም ደላላ ሲባል ዋጋን የሚያንር፥ እውነትን የሚያሳንስ ሰው ብቻ ይታየኝ ነበር። ለእኛ የተገኙልን ደላላ ግን በሰፈራችን ለሠላሳ ዓመት ያህል የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ፥ ጡረታ ከወጡም በኋላ ቤት ማሻሻጥ የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው። ቢሯቸው ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ያለች ሻይ ቤት ናት። ወጣቶቹ ደላሎች የቤት ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሲልኩ፥ እርሳቸው ገዢውን በእግሩ አስመጥተው በሩን ካላስረገጡት አይሆንላቸውም። «የቤት ሕመም መጀመሪያ የሚታወቀው ከቆጣሪው ነው» ይሉኝ ነበር። «ንባቡ ድንገት ሲቀንስ አንድ ሰው ከዚያ ቤት ወጥቷል፤ ወይ ሞቷል፥ ወይ ተሰድዷል፥ ወይ ተጣልቶ ሄዷል። ንባቡ ሲጨምር ደግሞ ሙሽራ ገብታለች፥ ወይም ልጅ ተወልዷል።»

ቤቱን ለማየት በመጡ ቀን ግድግዳውን አልለኩም፤ ጣራውንም አላዩም። ከእናቴ ወንበር ትይዩ ተቀምጠው ሻይ ጠጡና እንዲህ አሉኝ፤

«ይኸውልህ መምህር፤ ቤት የሚሸጠው በአራት ነገር ነው። በሞት፥ በፍቺ፥ በዕዳና በስደት። አምስተኛ ምክንያት አለኝ የሚል ሻጭ ከመጣ ከአራቱ አንዱን ደብቋል ማለት ነው። የአንተ የትኛው ነው?»

«ሁለቱ ናቸው፥ ጋሼ» አልሁ። «ሞትም አለ፤ ዕዳም አለ።»

«እንግዲያስ አትቸኵል። የቸኰለ ሻጭ ዋጋ ብቻ አይደለም የሚያጣው።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለስምንት ወር ያህል ከእኒህ ሰው ጋር ወጣሁ ወረድሁ፤ ከብዙ መጽሐፍ የማይገኝ ትምህርትም አገኘሁ። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከከተማው ፍርድ ቤት ማውጣት፥ ቀጥሎ ካርታውን በእናታችን ስም ከነበረበት ወደ ወራሾች ስም ማዛወር፥ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥ፥ ግብሩን መክፈል፥ በመጨረሻም ገዢና ሻጭ ከነምስክሮቻቸው በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቀርበው መፈረም አለባቸው። እኅቴ ውክልናዋን በዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን አረጋግጣ ላከችልን። «እዚህ አገር» አለችኝ በስልክ፥ «ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ተምሮ፥ ተፈትኖ፥ ፈቃድ ማውጣት አለበት። የሚሸጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሰሌዳ ይተከላል፤ ጎረቤትም የሚያውቀው ከሰሌዳው ነው።» ይህን ለደላላው ብነግራቸው ሳቁ። «በእኛ ሰፈር» አሉ፥ «ጎረቤት የሚያውቀው ከደላላው በፊት ነው።»

በሌላ ቀን ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አመለከቱኝ። «አንተ መሬቱን እየሸጥህ አይደለም» አሉኝ። «በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም። በውሉ ላይ የምትሸጠው ቤቱን ነው። አሁን ይህን ጭቃ ተመልከት፤ ምስጥ የበላውን ምሰሶ ተመልከት። የሚገዛህ ሰው በማግሥቱ ያፈርሰዋል። ታዲያ ሚሊዮኑን የሚከፍልህ ለምኑ ይመስልሃል? ከቦታው ለመድረስ ነው፤ ለመንገዱ፥ ለውኃው፥ ለጎረቤቱ ነው። ሰው ይህን ሁሉ ይከፍልበታል፤ በውሉ ላይ ግን አንዱም አልተጻፈም።»

የቤት ሻጮችንም ቋንቋ እንደ ቅኔ ይፈቱልኝ ነበር። «ለአስፋልት ቅርብ» የተባለው ቤት ሌሊት የጭነት መኪና የማያስተኛ ሊሆን እንደሚችል፤ «ጸጥ ያለ ሰፈር» የተባለውም ታክሲ የማይደርስበት እንዳይሆን መጠየቅ እንደሚገባ፤ «ውኃ አይጠፋም» የሚለውን ቃል ከማመን በፊት በግቢው ውስጥ ስንት ሮቶ እንደ ቆመ መቍጠር ብልኅነት መሆኑን አስተማሩኝ። «ውኃ የማይጠፋበት ሰው» አሉ፥ «ሦስት ሮቶ ምን ያደርግለታል?»

የመጀመሪያው ገዢ የመጣው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። ቤቱን አፍርሶ ፎቅ ለመሥራት አስቦ ነበር፤ ስድስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር ሊሰጠን ተስማማ። ቀብድ ሁለት መቶ ሺህ ብር አስቀደመና ወረቀት ተጻፈ። በወረቀቱም ላይ «ግቢውን በካርታው ልክ፥ ከማናቸውም መተላለፊያ ነጻ አድርጌ አስረክባለሁ» የሚል መስመር ነበረበት።

እዚህ ላይ ራሴን ልከስስ። ያ መተላለፊያ በካርታው ላይ በእኛ ይዞታ ውስጥ ነው። መስመሩን አነበብሁት፤ ገባኝም፤ ነገር ግን እንዳልገባኝ ሆኜ ፈረምሁ። ልጆችን ማንበብ የማስተምር ሰው ነኝ፤ በዚያች ዕለት ግን ያነበብሁትን ላለማወቅ ፈለግሁ። ደላላው አጠገቤ ተቀምጠው «መስመሯን አይተሃታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አይቻታለሁ» አልሁ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በልቤም እንዲህ እያልሁ ተሟገትሁ፤ «ወንድሜ ታሟል። መተላለፊያው ካልተዘጋ ስድስት መቶ ሺህ ብር ያህል ይቀነሳል፤ ይህ ገንዘብ የስንት ቀን እጥበት ነው? መሬቱም በካርታ የእኛ ነው። ማንን ሰረቅሁ?» ክርክሩ በደንብ የተሠራ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት ወደ እናቴ ቤት ስሄድ በእማማ በር በኩል ላለማለፍ በሌላው መንገድ ዞርሁ። ሰው ከሚወደው ሰው ደጅ መሸሽ ሲጀምር ነገሩን ኅሊናው አስቀድሞ ፈርዶበታል ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እማማ ራሳቸው መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቈይተዋል፤ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ሄደዋል፤ እርሳቸው ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ጫማቸው ጭቃ ይዞ ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ቍልፍ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ይኸ የበሯ ቍልፍ ነው፥ ልጄ» አሉኝ። «ለአዲሱ ባለቤት ስጥልኝ። እኔ በገደሉ በኩል መውጣት ጀምሬአለሁ፤ ቀስ እያልሁ ስወጣው ያን ያህል አይደለም። ወንድምህ ይዳንልኝ እንጂ መንገድስ መንገድ ነው።»

ማን እንደ ነገራቸው አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም። አንዲት ቃል ወቀሳ ቢናገሩኝ ኖሮ እመልስላቸው ዘንድ ያዘጋጀሁት ክርክር ነበረኝ፤ ለዚያ ቍልፍ ግን መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ቀን ወንድሜ እጥበት ወደሚደረግለት ሆስፒታል ሄድሁና ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉን ነገርሁት። የፈረምሁትን መስመር፥ የገንዘቡን ልዩነት፥ የእማማን ቍልፍ አንዱንም አልሸሸግሁም። ወንድሜ ከእኔ በስድስት ዓመት ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የማሽኑን ድምፅ ሲያዳምጥ ቈየና እንዲህ አለኝ፤

«አንተ አልተወለድህም ነበር። እኔ ግን ስትወድቅ አይቻለሁ። አራት ዓመቴ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ስመለከት እንስራው ተሰብሮ ውኃው ከጭቃው ጋር ሲወርድ፥ እርሷም ሆዷን ይዛ ስትቀመጥ አየሁ። ልጠራላት ፈልጌ አባባን ፈርቼ ዝም አልሁ። ያንን አጥር እኔን ምክንያት አድርገህ ዳግመኛ እንዳታጥረው።»

«ገንዘቡስ?» አልሁት።

«ገንዘቡ ገንዘብ ነው። የጐደለውን እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ በዚያ ገንዘብ በማገኘው ቀን ሁሉ ያን ገደል እያየሁ መኖር አልችልም።»

ለእኅቴ ደወልንላት፤ እርሷም ተስማማች። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ቀብድ ተቀብያለሁና። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ቀብድ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እንግዲህ አራት መቶ ሺህ ብር መሆኑ ነው። ደላላውን ፊቴ ጠቍሮ አገኘኋቸው። ሰድበው ይሰዱኛል ብዬ ነበር፤ እርሳቸውም ከሽያጩ የሚያገኙት ሊቀርባቸው ነውና። የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «አየህ፥ ያን ቀን መስመሯን አይተሃታል ብዬ የጠየቅሁህ ለዚህ ነበር» አሉ። «እኔ ደላላ ነኝ፤ ዋጋ አገናኛለሁ፤ ስለ ሰው ኅሊና ግን መፈረም አልችልም። እማማ ብትከስስ ምናልባት ትረታህ ይሆናል፤ ነገር ግን በሰባ ዓመቷ ችሎት ለችሎት ስትመላለስ ማየት ትችላለህ?»

ከዕድሩ ሁለት ሽማግሌ ይዘን ወደ ገዢው ሄድን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በገንዘቡ የገዛውን ነገር በሙሉ ለመረከብ የፈለገ ሰው ነው። መጀመሪያ ተቈጣ፤ ተገቢም ነበር። ደላላው ሌላ ቦታ ሊፈልጉለት ቃል ገቡለት፤ ሽማግሌዎቹም ለመኑት፤ በመጨረሻ ቀብዱን ሁለት መቶ ሺህ ብርና ስለ ድካሙ ኀምሳ ሺህ ብር ተቀብሎ ይቅር አለን። ኀምሳ ሺሁን ከመምህራን የብድርና ቍጠባ ማኅበር ተበድሬ ከፈልሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበርና ከውርሱ እንዲነሣ አልፈቀድሁም።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ቤቱ ሳይሸጥ ቈየ። ደላላው አዲስ ሥርዐት አወጡ፤ ገዢ ሲመጣ ሳሎኑን ከማሳየታቸው በፊት መተላለፊያውን ያሳዩታል። «ይህ መንገድ የእማማ ነው፤ አይዘጋም። አሁን ከወደድህ ወደ ቤቱ እንግባ» ይሉታል። ሦስት ገዢዎች መተላለፊያውን አይተው ሳሎኑን ሳያዩ ተመለሱ። በነዚያ ወራት የወንድሜን ወጪ ዘመዶቻችንና የዕድራችን ሰዎች እየተረዳዱ ሸፈኑልን፤ ያም ሆኖ የጐደለበት ሳምንት ነበር። መልካም ነገር ያለ ዋጋ ይገኛል የሚል ጽሑፍ ባነበብሁ ቍጥር እነዚያ ወራት ትዝ ይሉኛል።

በዚያ ዘመን ከተማው ሁሉ ከቦታው የሚነቃነቅ ይመስል ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ የነበሩ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ሲሄዱ፥ አብረው ያረጁ ጎረቤታሞች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኑ። አንድ ቀን ከደላላው ጋር ስለዚህ ስንጫወት፥ እኔ እንደ መምህርነቴ፥ ሰፈር የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው እንደ ወጣ፤ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየኮረብታው ስለ ሰፈሩ ብዙ ቦታዎች በነርሱ ስም ሰፈር ተብለው እንደ ቀሩ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ከመጀመሪያውም ድንኳን ነበርና!» አሉ። «ለዚህ ነው መንቀል የሚቀናን። እኔ ብዙ ቤት አሻሽጫለሁ፤ ዕድር ግን ማሻሻጥ አልቻልሁም። ሰው ሄዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይገባል፤ በዓመቱ ይመጣና ‹ጋሼ፥ ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ብንሞት ማን ያነሣን ይሆን?› ይለኛል። ለዚህ ዋጋ የለኝም።»

በግንቦት ወር አንድ ባልና ሚስት መጡ። ባልየው በመርካቶ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አለው፤ ሚስቲቱ ነርስ ናት፤ ሁለት ልጆችም አሏቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ የኪራይ ቤት ቀይረዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ እነርሱ ግን ከዚያ በፊት በየዓመቱ ዋጋ ሲጨመርባቸው ዕቃቸውን ሲሸክሙ የኖሩ ናቸው። ደላላው እንደ ልማዳቸው መተላለፊያውን አስቀድመው አሳዩአቸው። ሚስቲቱ እስከ በሩ ሄዳ አንኳኳች። እማማ ከፈቱ፤ እንደ ማንም እንግዳ «ግቡ፥ ቡና ደርሷል» አሉ። ሴትዮዋ ገባች፤ እኛ ሦስታችን ወንዶች ውጭ ቆመን ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅናት። ስትወጣ ለባሏ «ይኸንን እንውሰድ» አለችው። ቤቱን ገና አላየችም ነበር። ባልየው ቤቱን አየ፤ ስለ ምስጡ ምሰሶ ተከራከረ፤ በስድስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብርም ተስማማን። የመተላለፊያው ነገር በውሉ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ ያሳሰበችው ደግሞ ሚስቲቱ ራሷ ናት።

ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ተፈራርመን ስንወጣ ደላላው ሁለት ከመቶ ድርሻቸውን፥ አንድ መቶ ሃያ አራት ሺህ ብር፥ ሣንቲም ሳይቀንሱ ተቀበሉኝ። ትንሽ ያስተዋልሁባቸው መስሏቸው «ምን ታየኛለህ?» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ሸጬልህ አንድ ጊዜ ነው የምትከፍለኝ።» ሳቅን፤ እውነትም ነበራቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሬን ጨርሼ ሁሉ ያማረ ነው እንዳልል እውነት ይከለክለኛል። ወንድሜ ዛሬም በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሆስፒታል ይመላለሳል። ያ ስድስት መቶ ሺህ ብር የስንት ቀን እጥበት እንደ ነበረ አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣኝ አሰላለሁ፤ ስሌቱንም አውቀዋለሁ። ያ ሰፈር ነገ በልማት ቢነሣ መተላለፊያውም እማማም አብረው መነሣታቸው አይቀርም። በወረቀት ያጸናነው ነገር ለዘለዓለም አይደለም። ነገር ግን እማማ ዛሬ ጧት ወደ ገበያ የወጡት በየትኛው መንገድ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እርሳቸው ቤት ስሄድ በሌላ በኩል አልዞርም።

የአባት የእናት ቤት ለመሸጥ ለተዘጋጀ ቤተ ሰብ ጥቂት ምክር ልስጥ። ወራሾች ሁሉ ከደላላ በፊት እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ፤ የታመመውንም «እንዳይጨነቅ» ብላችሁ ከምክሩ አታውጡት፤ ከሁሉ የሚበልጥ ፍርድ ከእርሱ ሊገኝ ይችላልና። ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቡ፤ ካነበባችሁም በኋላ ያነበባችሁትን አውቃችሁ ፈርሙ። ጎረቤታችሁ በየት በኩል እንደሚወጣና እንደሚገባ ካርታው ላይኖረው ይችላል፤ እናንተ ግን ታውቁታላችሁ።

ስለ ታኅሣሡ ቀን የቀረኝን ልናገር። ባልና ሚስቱ የጭቃውን ቤት ገና አላፈረሱትም፤ ምሰሶውን ቀይረው፥ ግድግዳውን መርገው ነጭ ቀለም ቀብተውታል። ወንድሜንም እኔንም ለቡና ጠሩን። ከደጃፉ ደርሼ ባርኔጣዬን አውልቄ «ቤት ለእምቦሳ!» አልሁ። ባለቤቶቹ ከጓዳ ሆነው ሳይሰሙኝ ቀሩ። በዚያች በር በኩል ስኒ በሰፌድ ይዘው የሚመጡት እማማ ግን ሰሙኝና፥ ቤቱ የርሳቸው እንደ ሆነ ሁሉ፥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እምቦሳ እሰሩ!» ሲሉ መለሱልኝ። ታናሽየዋ ልጅ ቀሚሳቸውን ይዛ «እማማ፥ እምቦሳ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማማም ሰፌዱን አስቀመጡና ከመድረኩ ላይ ተቀምጠው ይነግሯት ጀመር።